እጀታውን ብቻ መቀየር ወይስ ዱላውን ራስዎ መገጣጠም? ለጎልፍ ወዳጆች የምርጫ መመሪያ

ጋራዤ ውስጥ መኪና ከገባ አራት ዓመት ሆነው። መኪናው ይቆምበት በነበረው ቦታ አሁን አንድ የእንጨት ጠረጴዛ፣ ጠርዙ ላይ የታሰረ ሞርሳ፣ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙ ጭንቅላት የለሽ ዘንጎች አሉ። ባለቤቴ «ደግሞ ሌላ ካርቶን መጣ?» ማለቱን ከተወች ቆይታለች። እዚህ ቨርጂኒያ ጎልፍ የጀመርኩት የሥራ ባልደረቦቼ ጎትተውኝ ነው፤ ዱላ መፍታትና መግጠም የጀመርኩት ግን ማንም ሳይጎትተኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ «እኔስ የቱን ላድርግ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ሱቅ ልውሰደው? እጀታውን ራሴ ልቀይረው? ዘንግና ጭንቅላት ገዝቼ ከባዶ ልገጣጥም? ሐሳቤን ከመጀመሪያው ላስቀምጠው። እጀታ መቀየርን፣ በዓመት ከአሥር ጊዜ በላይ የሚጫወት ሰው ሁሉ ቢማረው አይጸጸትም። ሙሉ ዱላ መገጣጠም ግን ገንዘብ ለመቆጠብ ተብሎ የሚገባበት ሥራ አይደለም። በዚያ ስሌት የገባ ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሲሆን አይቻለሁ፤ አንዱ እኔ ነኝ።

በቃላቱ እንዳንምታታ፦ «እጀታ» የምለው እጅ የሚይዘውን የላስቲክ ልባስ ነው፤ «ዘንግ» ረጅሙን ቱቦ፣ «ጭንቅላት» ኳሱን የሚመታውን ክፍል፣ «አንገት» ደግሞ ዘንጉ የሚገባበትን የጭንቅላቱን ቀዳዳ። ዘንጉና አንገቱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ያለችው ትንሽ ጥቁር የፕላስቲክ ቀለበት ፌሩል ትባላለች።

ሱቅ ወይስ ቤት?

በጎልፍ ሕግ አንድ ተጫዋች ከ14 በላይ ዱላ ይዞ መጫወት አይችልም። ፑተር (ኳሱን ወደ ጉድጓዱ የሚያንከባልሉበት ዱላ) የራሱ ዓይነት እጀታ ስላለው እሱን እንተወውና 13 ይቀራሉ። ተራ የላስቲክ እጀታ አንዱ ከ6 እስከ 10 ዶላር ገደማ ነው፤ ይህን ሱቅ ቢሄዱም ቤት ቢሠሩም ይከፍሉታል። ልዩነቱ የእጅ ዋጋው ላይ ነው። እኔ ባለሁበት አካባቢ ለአንዱ ከ3 እስከ 5 ዶላር ይጠየቃል፤ ለ13ቱ ከ40 እስከ 65 ዶላር መሆኑ ነው። ቤት ለመሥራት ደግሞ ሞርሳ፣ ዘንጉን ሳይሰብር የሚይዝ የላስቲክ መቆንጠጫ፣ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ምላጭ፣ ባለ ሁለት ገጽ ፕላስተርና አንድ ጣሳ ማሟሚያ ያስፈልጋል። ሞርሳ የሌለው ሰው በመጀመሪያው ዙር ከሱቅ ያልተናነሰ ያወጣል፤ ትርፉ የሚመጣው ከሁለተኛው ጀምሮ ነው። እጀታውን ከእነሱ ለገዛ ሰው በነጻ የሚገጥሙ ሱቆችም ስላሉ፣ እንዲህ ያለ ሱቅ በአቅራቢያዎ ካለ በገንዘብ በኩል ቤት መሥራት ምንም አያስገኝም።

ታዲያ ለምን እንደክማለን? አንድ ጊዜ ሙሉ ቦርሳዬን ለአንድ ሱቅ ሰጥቼ በሦስቱ ዱላዎች ላይ የእጀታው መስመር ወደ ግራ ተጣሞ ተመለሰልኝ። መልሼ ሳሳያቸው «ይህን ማን ያስተውላል?» አሉኝ። አስተውየዋለሁ እኮ፤ ያመጣሁትም ለዚያ ነው። ዋናው ምክንያት ግን ይህም አይደለም። እዚሁ ሰፈር የሚኖሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ጎልፍ የለመዱ፣ ጋሼ የምላቸው ሰው አሉ። ጣቶቻቸውን ቁርጥማት ይዟቸዋል። «ልጄ፣ ይቺ ሰባት ቁጥር ዱላ ከእጄ እየሾለከች አስቸገረችኝ» አሉኝ አንድ ቅዳሜ። እጀታዋ እንደ ጀበና እጀታ ጠንክሮና ተወልውሎ ያብረቀርቃል። አዲስ አደረግሁላቸው፤ ከሥሩ ሦስት ዙር ፕላስተር ጠቅልዬ አወፈርኩት። ልምምድ ሜዳ ሄደው አንድ ቅርጫት ኳስ መቱና ተመልሰው «አንድ ዙር ቀንስልኝ» አሉ። ቀነስኩላቸው። ሰው ሄዶ ሞክሮ፣ ተመልሶ፣ ቀንሶ፣ ደግሞ ሞክሮ የሚያስተካክልበት ሱቅ አላውቅም። ቤት የመሥራት ጥቅሙ ያቺ አንድ ዙር ፕላስተር ናት።

በአኳራጅ፣ በውሃ ወይስ በአየር?

ራስዎ ለመሥራት ከወሰኑ ቀጣዩ ምርጫ እጀታው በምን ተንሸራትቶ ይገባል የሚለው ነው። በዚህ ላይ ሰዎች እንደ እግር ኳስ ቡድን ደጋፊ ይከራከራሉ።

የቆየው መንገድ በማሟሚያ ነው፤ አገር ቤት ቀለም ቀቢዎች አኳራጅ ከሚሉት ጋር የሚቀራረብ ፈሳሽ። አሮጌውን እጀታ በመንጠቆው ምላጭ ወደ ውጭ እየሳቡ ይሰነጥቁታል። ወደ እጅዎ በፍጹም አይሳቡ። ዘንጉ ግራፋይት (ከካርቦን ክር የተሠራ) ከሆነ ቀጥ ያለ ምላጭ አይጠቀሙ፤ የካርቦኑን ክር ከቆረጠው ዘንጉ አንድ ቀን እዚያው ላይ ይሰበራል። ከሥር ያለውን አሮጌ ፕላስተር ትንሽ አሙቀው ይፍቁታል። አዲሱን ባለ ሁለት ገጽ ፕላስተር ለብጠው ከዘንጉ ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፉን ወደ ውስጥ ይቀብሩታል። ከዚያ የእጀታውን የጀርባ ቀዳዳ በአንድ የኳስ ማስቀመጫ ችንካር ደፍነው ማሟሚያውን ያፈሱበታል፤ በሌላ እጅ አፉን ይዘው ይነቀንቁታል፤ የቀረውን በፕላስተሩ ላይ ያርከፈክፋሉ። አሁን ማመንታት የለም። የእጀታውን አፍ ጨመቅ አድርገው ጫፉ ላይ ያስገቡና በአንድ ትንፋሽ እስከ መጨረሻው ይገፉታል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ያየዋል፤ እጀታውም እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። የእኔ የመጀመሪያው እጀታ የተቀበረው እንደዚያ ነው፤ በምላጭ ቀድጄ ጣልኩት። ከገባ በኋላ መስመሩን ለማስተካከል አንድ ደቂቃ ያህል ጊዜ አለ። ማግስቱን ይጫወቱበታል።

ይህ መንገድ አጥብቆ በመያዝ የሚታማ አይደለም። ጉዳቱ ሽታውና እሳት የሚወድ መሆኑ ነው። የጋራዡን በር ከፍተው ይሥሩ፤ የተነከረውን ጨርቅ ጠቅልለው ቅርጫት ውስጥ አይጣሉት፤ ውጭ ዘርግተው ያድርቁት። አፓርታማ ውስጥ የሚኖርና ሕፃን ያለው ሰው ይህን ቢተወው ይሻላል።

ለእሱ የሚሆነው በውሃ የሚሠራው ፕላስተር ነው። ማጣበቂያው ውሃ ሲነካው ይንሸራተታል፤ ሲደርቅ ይይዛል። ሽታ የለውም፤ በኩሽና ጠረጴዛ ላይም ይሠራል። ማስጠንቀቂያው አንድ ነው፦ ተራውን ባለ ሁለት ገጽ ፕላስተር በውሃ ለማስገባት አይሞክሩ፤ ለውሃ ተብሎ የተሠራውን ይግዙ። ውሃውን አይቆጥቡ፤ የምትንሸራተተው ጊዜ ከአኳራጁ አጠር ያለች መስላ ታየኛለች።

ሦስተኛው አየር ነው፤ ኮምፕሬሰር ላለው ሰው። ዘንጉ ላይ አንድ ዙር ተራ የወረቀት ፕላስተር ብቻ ይለብጣሉ፤ በእጀታው የጀርባ ቀዳዳ አየር ሲነፉበት ላስቲኩ እንደ ፊኛ ለጠጥ ብሎ ይንሸራተታል፤ አየሩን ሲለቁት ዘንጉን አንቆ ይይዛል። ማድረቅ የለ፣ መጠበቅ የለ፤ ወዲያው ይጫወቱበታል። ከሁሉ የሚበልጠው እጀታውን ሳይቀድዱ መልሰው ማውጣት መቻልዎ ነው። የጋሼን እጀታ ከሦስት ዙር ወደ ሁለት የቀነስኩት በዚህ መንገድ ነው፤ በአኳራጅ ገጥሜው ቢሆን ወይ አንድ እጀታ እጥል፣ ወይ በመርፌ ማሟሚያ እየወጋሁ ግማሽ ሰዓት እታገል ነበር። ግፊቱን ከልክ በላይ ከፍ ካደረጉት እጀታው ያብጥና ይፈነዳል፤ መነጽር ሳያደርጉ አይንኩት። ክር የተቀላቀለባቸው እጀታዎች ስለማይለጠጡ ለአየር ይለግማሉ። ለዚህ ብቻ ብለው ኮምፕሬሰር እንዳይገዙ። ጎማ የሚነፉበት ካለዎት ግን ሌላውን ይርሱት።

የላስቲኩ ዓይነትና ውፍረቱ

በዓይነቱ ላይ ብዙ አልቆይም። እንደ ጎልፍ ፕራይድ ቱር ቬልቬት ወይም ላምኪን ክሮስላይን ያለ ተራ ላስቲክ ለአሥር ሰው ከስምንቱ ይበቃል። እጁ ለሚያልበውና በዝናብ ለሚጫወት ክር ያለበት ይሻላል፤ ጓንት ለማያደርግ እጅ ግን ይሻክራል። ዊን እንደሚሠራቸው ያሉ ለስላሳዎቹ ለታመመ መገጣጠሚያ ያዝናሉ፤ ዋጋቸውን የሚያስከፍሉት ቶሎ በማለቅ ነው። በዓመት አንዴ ወይም ከ40 ጨዋታ በኋላ ቀይሩ የሚባለው ምክር እጀታ ሻጭንም የሚጠቅም መሆኑን አይርሱ። በጥፍር ጫን ሲሉት የማይሰረጉድና የሚያንጸባርቅ ከሆነ ጊዜው አልፏል።

ውፍረቱ ግን ሊጤን ይገባል። ቀኝ እጅ ተጫዋች ከሆኑ በግራ እጅዎ ብቻ እጀታውን ይጨብጡ። የመሐል ጣትዎና የቀለበት ጣትዎ ጫፍ መዳፍዎን ነካ ካደረገ ልክዎ ነው፤ ከተቀበረ ቀጥኗል፣ ክፍተት ካለ ወፍሯል። መካከለኛ የሚባለው ከመደበኛው በ1.6 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ትልቁ በ3.2። ከሥር የሚደረግ አንድ ዙር ፕላስተር 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ አራት ዙር ማለት ከመደበኛ ወደ መካከለኛ መድረስ ነው። ከሁለት ዙር በላይ የሚፈልግ ሰው ፕላስተር ከሚቆልል ወፍራሙን እጀታ ቢገዛ ይቀለዋል።

እጀታ ሲገዙ አፉ ውስጥ 58፣ 60 ወይም 62 የሚል ቁጥር ይፈልጉ። የውስጡ ስፋት ነው፤ 60 ማለት 0.600 ኢንች። በእጀታው በኩል ያለውን የዘንጉን ጫፍ ሳይለኩ 58 ገዝተው 0.600 ኢንች ዘንግ ላይ ካስገቡት ተለጥጦ ከታሰበው ይወፍራል። ይህን ያወቅሁት 13 እጀታ ከገጠምኩ በኋላ ነው።

ክብደቱም አለ። መደበኛ እጀታ 50 ግራም ገደማ ነው። 65 ግራም የሚመዝን ወፍራም እጀታ ካደረጉ ዱላው ሲወዛወዝ ጭንቅላቱ የቀለለ ይመስላል። ባለሙያዎች ይህን ከእጀታው ጫፍ 14 ኢንች ላይ በሚደገፍ ሚዛን ይለኩታል፤ ለወንዶች የተለመደው በሚዛኑ ላይ ዲ2 የሚባለው ነጥብ ነው። እጀታ ላይ የሚጨመር 4 ወይም 5 ግራም ሚዛኑን አንድ ነጥብ ያወርዳል፤ ጭንቅላት ላይ የሚጨመር 2 ግራም አንድ ነጥብ ያወጣል። እጀታ ብቻ ለሚቀይር ሰው በዚህ እንቅልፍ ማጣት አያስፈልግም። ለሚገጣጥም ግን ዋናው ጣጣ ከዚህ ይጀምራል።

ከባዶ መገጣጠም

ካርስተን ሶልሃይም የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር። በፑተሩ ተናደደና እ.ኤ.አ. በ1959 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሬድውድ ሲቲ በሚገኘው ቤቱ ጋራዥ የራሱን ሠራ፤ ኳስ ሲመታ በሚያሰማው ድምፅ ፒንግ ብሎ ሰየመው። የፒንግ ኩባንያ መነሻ ይህ ነው። ይህን ታሪክ የምነግረው ለማባበል አይደለም፤ ሰውየው መሐንዲስ እንደነበረ ለማስታወስ ነው።

ከባዶ ለመጀመር ሁለት በር አለ። አንዱ አዲስ ጭንቅላት፣ ዘንግና እጀታ ለየብቻ አዝዞ መግጠም ነው። ኦሃዮ ኒውዋርክ ያለው ጎልፍዎርክስና ካሊፎርኒያ ያለው ሂሬኮ የሚታወቁት እነዚህን ክፍሎች በመሸጥ ነው። ሌላው ያገለገለ የታወቀ ምልክት ዱላ ገዝቶ ዘንጉን ነቅሎ መቀየር ነው። በወረቀት ላይ የመጀመሪያው ይማርካል፤ ሁሉም አዲስ ነው፣ ልክዎንም ይመርጣሉ። ነገር ግን ሲሸጡት ማንም አይፈልገውም። ስሙ ያልታወቀ ጭንቅላት ላይ የደከሙበትን ሥራ ገበያው አይቆጥረውም። ያገለገለው ሲሰለችዎት ቢያንስ የገዙበትን ግማሽ የሚሰጥ ሰው ይገኛል። ለጀማሪ የምመክረው ሁለተኛውን ነው፤ ያውም ሙሉ ስብስብ ሳይሆን አንድ ዌጅ (የአጭር ርቀት ምት ዱላ) ብቻ። ዌጅ ጭንቅላቱ ከባድ፣ ዘንጉ አጭር ነው፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብትሳሳቱ ይቅር ይላል። ድራይቨር (ለሩቅ ምት የሚሆነው ረጅሙ ዱላ) ይቅር አይልም።

ዘንግ ከማዘዝዎ በፊት የአንገቱን ስፋት ይለኩ። የአይረን (በቁጥር የሚጠሩት ባለ ብረት ጭንቅላት ዱላዎች) አንገቶች በአብዛኛው ወይ 0.355 ወይ 0.370 ኢንች ናቸው፤ በሚሊ ሜትር 9.0 እና 9.4። 0.355ቱ ጫፉ ወደ ታች እየሾጠጠ የሚሄድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ዘንግ ይገዛል እንጂ ከጫፉ አይቆረጥም። 0.370ው ጫፉ ቀጥ ያለ ነው፤ አንድ ዓይነት ዘንግ ለሁሉም ይገዙና አምራቹ በሚሰጠው ሠንጠረዥ መሠረት ከጫፉ ይቆርጣሉ። ለቤት ሠሪ 0.370ው ይመቻል፤ አንድ ቢያበላሹ ሌላ መተካት ቀላል ነው። ወፍራሙ ዘንግ በጠባቡ አንገት አይገባም፤ ቀጭኑን በሰፊው አንገት ግን በቀጭን መሙያ ቀለበት ማስገባት ይቻላል።

የብረት ዘንግ በቱቦ መቁረጫ፣ ግራፋይት ደግሞ ጥርሰ ደቃቅ በሆነ ሴጌቶ ይቆረጣል፤ የሚቆረጠውን ቦታ በፕላስተር ጠቅልለው፣ የአፍንጫ መሸፈኛ አድርገው። ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ያሻክሩታል። አሮጌ ዘንግ ሲነቅሉ ልዩነቱን ያስታውሱ፦ ብረት ከሆነ አንገቱን አሙቀው እየጠመዘዙ ማውጣት ይቻላል። ግራፋይት ከተጠመዘዘ ይሰነጠቃል፤ ቀጥ አድርጎ የሚስብ መሣሪያ ይፈልጋል። መሣሪያው ርካሽ አይደለምና ለአንድ ዱላ ብለው አይግዙት፤ ሱቅ ወስደው ያስነቅሉ።

ማጣበቂያው ላይ ግን ስስት አይግባዎት። ለጎልፍ ዱላ ተብሎ የሚሸጠው ባለ ሁለት ቅልቅል ኢፖክሲ አንድ ሙሉ ቀን መድረቅ አለበት። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ከዕቃ መደብር በአምስት ደቂቃ የሚደርቀውን ገዛሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ልምምድ ሜዳ ላይ ሦስተኛውን ኳስ ስመታ የዘጠኝ ቁጥሩ ጭንቅላት ከኳሱ እኩል ተነሥቶ ሄደ። አጠገቤ የነበረው ሰው ኳሱን ሳይሆን ጭንቅላቱን በዓይኑ ሲከተል አየሁት። ማንንም አለመምታቱ ዕድል ነው። ሌላም ትምህርት ከክረምት አገኘሁ፤ የቨርጂኒያ ጥር ጋራዥ ውስጥ ኢፖክሲው በማግስቱም ለስላሳ ነበር። አሁን በብርድ ወራት የገጠምኳቸውን ዱላዎች ሳሎን አሳድራቸዋለሁ። ባለቤቴ የተናገረችበት ጊዜ ቢኖር ያ ነው።

ደረጃ ያለው ርዝመት ወይስ አንድ ወጥ?

የተለመደው አሠራር እያንዳንዱ አይረን ከቀጣዩ በግማሽ ኢንች እንዲለይ ነው፤ ሰባት ቁጥር 37 ኢንች ገደማ ላይ ይቆማል። ጭንቅላቶቹ ዱላው ባጠረ ቁጥር በ7 ግራም ገደማ ይከብዳሉ፤ በዚህም ሚዛኑ እኩል ይሆናል። አሜሪካዊው ጎልፍ ተጫዋች ብራይሰን ዴሻምቦ ግን አይረኖቹን ሁሉ በአንድ ርዝመት፣ 37 ተኩል ኢንች ገደማ አስደርጎ፣ እጀታውንም እጅግ አወፍሮ እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካን ኦፕን ውድድር ዊንግድ ፉት ሜዳ ላይ በስድስት ምት ልዩነት አሸነፈ፤ በ2024 ፓይንኸርስት ሜዳ ላይ ደገመው። ከዚያ በኋላ የነበራቸውን ዱላ በአንድ ልክ የሚቆርጡ ሰዎች ተነሡ። አይሆንም። ግማሽ ኢንች ብቻ መቁረጥ ሚዛኑን በሦስት ነጥብ ያወርዳል፤ ለአንድ ወጥ ርዝመት ክብደታቸው እኩል ሆኖ የተሠሩ ጭንቅላቶች ያስፈልጋሉ። እነሱን ከገዙ ግን ለቤት ሠሪ ከዚህ የቀለለ ሥራ የለም፤ አንድ ልክ ለክተው ሁሉንም ይደግሙታል። ረጃጅሞቹ አይረኖች ሲያጥሩ ኳሱን ከፍ ለማድረግ ይከብዳሉ፤ ቀስ ብሎ ለሚያወዛውዝ ሰው አልመክርም።

ጭንቅላቱ መሬት ላይ የሚተኛበትን አንግል ማጣመምን ለሱቅ ይተዉት። ለስላሳ የካርቦን ብረት ይታዘዛል፤ ጠንካራው የማይዝግ ብረት በሞርሳ ሲታገሉት ሊሰበር ይችላል። ከሱቅ ምንም አልገዛም ብሎ መማል ግብዝነት ነው።

ውድድር ለሚጫወት አንድ ነገር፦ የሚገዙት የድራይቨር ጭንቅላት የጎልፍ ሕግ የሚያወጡት ዩኤስጂኤና አር ኤንድ ኤ በፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ። ርዝመቱን ካስረዘሙ ከ48 ኢንች አይለፉ፤ አንዳንድ ከፍተኛ ውድድሮች እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በ46 ገድበውታል።

አዲስ አበባ ላለ ወዳጅ እጀታ ይዘው ለመሄድ ካሰቡ ደግሞ ምርጫው ራሱ ይወሰናል። እጀታዎቹ ቀላል ናቸው፤ ሻንጣ ጥግ ይገባሉ። የመንጠቆውን ምላጭ በእጅ ሻንጣ አይያዙ። ፕላስተሩ በውሃ የሚሠራው ይሁን፤ የአኳራጅ ጣሳ አውሮፕላን ላይ አይወጣም።